ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት
ስለ ወጣቶቻችን የኮምፒውተር ጨዋታ ግዢ የቀረበ አስተያየት



ለወጣቶች መሰብሰቢያ ክፍል የኮምፒውተር ጨዋታ እንዲገዛ ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ በጀልባ ማቆሚያውም፣ በወፍጮ ቤቱም፣ በሰንበቴውም ወሬው እሱ ሆኗል። ገሚሱ ‹‹የማኅበር ገንዘብ ደግሞ ለጨዋታ?›› ይላል። ገሚሱ ‹‹ቅናሽ ላይ ነው፤ ሳያመልጠን ሁሉንም እንግዛ!›› ይላል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ለልጆቻችን ከማሰብ እንደ ሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በወሬ ብቻ እንዳይወሰን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያለንን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አስተያየታችን ባጭሩ ይህ ነው። ጨዋታ ይገዛ፤ የሚገዛው ግን አንድ ብቻ ይሁን። እሱም ረክሶ ስለ ተገኘ ሳይሆን በእኛ ደሴት፣ በእኛ ኮምፒውተር፣ በእኛ ልጆች መካከል ለዓመታት የሚያገለግል ስለ ሆነ ይመረጥ። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን። የጨዋታዎቹን ዓመት የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። ባሕር ዳር ለትምህርት የሚቀመጡት ልጆቻችን ይዘው የመጡት ዝርዝር ‹‹ስትራቴጂ›› የሚባሉትን፣ በአማርኛ የስልት ጨዋታ ልንላቸው የምንችለውን ነው። መኪና የሚያሽቀዳድሙ ወይም ዝም ብሎ ጥይት የሚያስተኩሱ አይደሉም። ተጫዋቹ አገር ይሰጠዋል፤ እርሻ ያለማል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጎተራ ይሞላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይታረቃል ወይም ይዋጋል። ዛሬ ያባከነው እህል ነገ ይጎድልበታል። በዝርዝሩ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ቆይተው እስከ ዛሬ ተጫዋች አለማጣታቸው በራሱ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ። እነዚህ ጨዋታዎች የሚሸጡት በኢንተርኔት መደብር ነው። ትልቁ መደብር በ2003 የተከፈተው ስቲም ነው። ሌላው በ2008 የተከፈተውና በአሮጌ ጨዋታዎች የታወቀው ጎግ ነው። በስቲም ታላላቅ ቅናሽ ከሚደረግባቸው ወራት ሁለቱ ሰኔና ታኅሣሥ ናቸው። በዚያን ጊዜ 30 ዶላር የነበረው ጨዋታ 75 በመቶ ተቀንሶለት 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሆን ይታያል። ልጁም ‹‹22 ዶላር አተረፍን›› ብሎ ይሮጣል። ኧረ የተረፈ ነገር የለም! ከኪስ የወጣ 7 ዶላር ከ50 ነው ያለው። ያልተፈለገ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ቢገዛም፣ በሩብ ዋጋ ቢገዛም ያው ኪሳራ ነው።

ደግሞም የአሮጌ ጨዋታ ቅናሽ እንደ ዓሣ አይበላሽም። ዘንድሮ በሰኔ የረከሰው በታኅሣሥ ተመልሶ ይረክሳል። ‹‹ዛሬ ካልገዛን አለቀልን›› የሚለው ጥድፊያ የሻጩ ጥቅም እንጂ የእኛ አይደለም። አባቶቻችን ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የምንዛሪውንም ነገር አንርሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ቀድሞ ከ600 ብር በታች የነበረው የ10 ዶላር ጨዋታ ዛሬ ከ1,000 ብር በላይ ይጠይቃል። ዶላሩ ሲረክስ የሚታየው በመደብሩ እንጂ በእኛ ኪስ አይደለም። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ የምናስቸግረው በውጭ አገር ያሉትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ነው። ካስቸገርናቸው አይቀር ‹‹ያገኛችሁትን ላኩልን›› ከማለት አንዱን በስሙ ለይተን ብንነግራቸው ለእነሱም ለእኛም ክብር ነው።

ታዲያ በምን እንለይ? እዚህ ላይ ከሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መለኪያው በደጃችን አለ፤ ገበጣ ነው።

ገበጣን እናስበው። መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ በጠጠር ይጫወቱታል፤ ማንንም አስፈቅዱኝ፣ መስመር አገናኙኝ አይልም። ይህ አንድ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱት ሌላው ዙሪያውን ከብቦ ‹‹ከዚያኛው ጀምር›› እያለ ይመክራል፤ ብቻ የሚያስቀር ጨዋታ አይደለም። ይህ ሁለት። ሕጉን ሕፃን በአንድ ምሽት ይማረዋል፤ ስልቱን ግን ሽማግሌም አይጨርሰውም። ይህ ሦስት። በዕድል ሳይሆን በመቁጠር ይሸነፋል፤ የተሸነፈም ለምን እንደ ተሸነፈ ያውቃል። ይህ አራት። ማናቸውም የስልት ጨዋታ በእነዚህ አራት ነገሮች ሲመዘን ወይ ይቆማል ወይ ይወድቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። የስልት ጨዋታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ተራ የማይጠብቅ ነው፤ አንተ ስታስብ ጠላትህ እየገሠገሠ ነው። ሁለተኛው በተራ የሚሄድ ነው፤ አስበህ እስክትጨርስ ይጠብቅሃል። ይህ ልዩነት ለእኛ አዲስ አይደለም። የአገራችን ሰንጠረዥ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ‹‹ወረራ›› አለ፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ሠራዊታቸውን እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው መብል ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መሄድ ይጀመራል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። እንግዲህ ስልት በጨዋታ መማር ከውጭ በቅርብ የመጣብን ነገር ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

በእኛ አስተያየት ለክፍላችን የሚበጀው በተራ የሚሄደው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጨዋታዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ተራ የማይጠብቀው ጨዋታ ልጁን ሳያነብ ያስሮጠዋል። በተራ የሚሄደው ግን መዝገበ ቃላት ገልጦ፣ ጓደኛውን ጠይቆ፣ ትርጉሙን ይዞ እንዲወስን ጊዜ ይሰጠዋል። ሳናውቀው የቋንቋ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን በዚሁ መለኪያ እንያቸው።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። ልጆቹ በአንደኛነት የጻፉት ይህን ነው። በ1999 የወጣ፣ በ2019 ታድሶ የቀረበ፣ ስመ ጥር ጨዋታ ነው። በ2015 በወጣው የአፍሪካ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው ገብተውበታል። መልካምነቱን አንክድም። ነገር ግን ተራ የማይጠብቅ ነው፤ አብሮ ለመጫወት ለየሰው አንዳንድ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ የታደሰው እትም ደግሞ 30 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይጠይቃል። እኛ ያሉን በሶላር የሚሞሉ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች ናቸው። ባሕር ዳር ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ልጅ በራሱ ቢገዛው ደስ ይለናል፤ ለክፍሉ ግን አይሆንም።

ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3። ይህም የ1999 ነው። በተራ ይሄዳል፤ ብዙ ልጆች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ወንበር እየተቀያየሩ ይጫወቱታል፤ ለአሮጌ ማሽን ይስማማል። መግዛት ለሚሻ አንድ ምክር አለን፤ በ2015 ታድሶ የወጣው እትም ሁለቱን ተጨማሪ ክፍሎች አልያዘም፤ የተሟላው አሮጌው ነው። አዲስ ሁሉ አይበልጥም! የሆነ ሆኖ በዚህ ጨዋታ ከሚመረጡት ከተሞች አንዱ የአጋንንት፣ ሌላው ሙታንን የሚያስነሡ ጠንቋዮች ነው። በገዳማት መካከል የምንኖር ሰዎች ነን፤ በርካታ ወላጆች ቅር እንደሚላቸው ከወዲሁ ይታየናል። ማኅበር ሁሉ የሚያዋጣበትን ገንዘብ ግማሹ ቤት በማይወደው ነገር ላይ ማዋል አይገባም።

ፈርዖን የሚባለው። እንደዚሁ የ1999 ነው። በዐባይ ዳር ከተማ ያሠራል። እርሻው የሚበቅለው በየዓመቱ በሚመጣው ሙላት ነው፤ ሙላቱ ካነሰ ረኃብ ነው። ያ ሙላት የሚነሣው ከእኛው ደጋ ክረምት መሆኑን፣ ዐባይም ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር አጠገብ መሆኑን ለልጆቻችን ለማስረዳት የሚመች ነበር። ችግሩ የአንድ ሰው ጨዋታ መሆኑ ነው። ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ ተራ አይደርሰውም። ለሁለተኛ ዙር ይቆይ።

ሲቪላይዜሽን 4። የእኛ ምርጫ ይህ ነው። በ2005 የወጣ፣ በተራ የሚሄድ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙዎች እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ነው። ሲወጣ 256 ሜጋባይት ራም ያለው ማሽን ይበቃው ስለ ነበር ለላፕቶፖቻችን አይከብድም። የተሟላው እትም ከ2006 እና ከ2007 ተጨማሪ ክፍሎች ጋር በቅናሽ ጊዜ ከ10 ዶላር በታች ሲወርድ ይታያል። በጎግም ሲሸጥ የቆየ በመሆኑ ባሕር ዳር ላይ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወደ ደሴቱ ማምጣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የማያስታውስ የለም። በየቀኑ መስመር የሚለምን ጨዋታ የገዛ ሰው በዚያን ጊዜ ገንዘቡን ውኃ በላው።

ከመክፈቻው የሚሰማው መዝሙር ደግሞ በስዋሂሊ የተዘመረ ‹‹አባታችን ሆይ›› ነው። የደረሰው ክሪስቶፈር ቲን በ2011 የግራሚ ሽልማት አግኝቶበታል፤ ለኮምፒውተር ጨዋታ ከተደረሰ ሙዚቃ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በ2007ቱ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ ገብታለች፤ መሪዋም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ነዋሪው ሁሉ እንደሚያውቀው የንጉሡ ዐፅም ያረፈው እዚሁ ከፊታችን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። በዓለም ዙሪያ በኮምፒውተር ላይ ያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ ማረፊያቸውን በየማለዳው ማዶ የሚያይ ግን የደቅ ልጅ ነው። ይህ ለእኛ ኩራት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው።

ኃላፊነት ያልንበትን ምክንያት እንናገር። ጨዋታ ጨዋታ ነው እንጂ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው። በጨዋታው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት አገር ይጀምሩና፣ ልጁ ከበረታ ጠፈር መንኮራኩር እስከ ማምጠቅ ይደርሳሉ። በቀጣዩ እትም፣ በ2012 በወጣው ክፍል፣ መሪው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ፤ በስድስተኛው እትም ደግሞ በ2020 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መጡ። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ተጫዋቹ ከዮዲት ወገን ሆኖ ይዘምታል። ሠሪዎቹ ያገር ታሪክ ሊያስተምሩን አልተነሡም፤ ጨዋታቸውን ለማሳመር ከየአገሩ ንጉሥ መርጠዋል። ልጁ ያንን እንዳለ እውነት ብሎ እንዳይቀበለው ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ‹‹ንጉሡ በእውነት ምን አደረጉ?›› ብሎ ወደ አባቶችና ወደ መምህራኑ የሚሄድ አንድ ልጅ እንኳ ካገኘን ገንዘቡ ከነወለዱ ተመለሰ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ።

‹‹ገንዘቡ ለመጽሐፍ ይዋል›› የሚሉ አሉ። መጽሐፍ ይበልጣል፤ በዚህ አንከራከርም። አንድ ጨዋታ ብቻ ይገዛ የምንለው እኮ የቀረው ለመጽሐፍ እንዲተርፍ ነው። ዝርዝሩን በሙሉ ከገዛን መጽሐፉም አይኖርም፤ ጨዋታዎቹም ሳይከፈቱ ይቀራሉ።

‹‹በፍላሽ በጥቂት ብር ይጭኑልን የለም ወይ?›› የሚሉም አሉ። ይጭናሉ። አብሮት የሚመጣውን ቫይረስ ግን የሚያወጣልን የለም። ያሉን ሁለት ላፕቶፖች ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ጀልባ ጠብቆ ባሕር ዳር ማድረስና ማስጠገን ከጨዋታው ዋጋ ይበልጣል። ደግሞም ማኅበር በስሙ የሰው ላብ ሰርቆ ልጆችን ሊያስተምር አይችልም።

‹‹ገንዘብ ሳናወጣስ?›› ለሚሉ መልካም ወሬ አለን። በፈቃደኞች የተሠሩና ማንም በነፃ የሚወስዳቸው የስልት ጨዋታዎች አሉ። ፍሪሲቭ የሲቪላይዜሽን ዓይነት ነው፤ በዴንማርክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ባትል ፎር ዌስኖዝ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ በተራ ይሄዳል፣ በአንድ ማሽን ይፈራረቁበታል፤ ምናባዊ ተረት ስለ ሆነ ግን በእሱም ሙታን የሚያስነሡ እንዳሉ ወላጆች ይወቁት። ኦፕን ቲ ቲ ዲ የ1995ቱን የትራንስፖርት ጨዋታ መሠረት ያደረገ ነው፤ መንገድ፣ ባቡርና መርከብ አዘጋጅቶ በትርፍ ማስተዳደርን ያሳያል፤ ጦርነት የለበትም። ሁሉም ቀላል ናቸው። እንዲያውም ፍሪሲቭና ኦፕን ቲ ቲ ዲ አስቀድመው መጥተው ቢሞከሩ ልጆቻችን የስልት ጨዋታን በእውነት ይወዱ እንደ ሆነ ያለ ወጪ እናውቃለን።

‹‹ልጆቹ ከሥራና ከጥናት ይዘናጋሉ›› የሚለው ከሁሉ የከበደው ነው። ስጋቱ እውነት ነው። እነዚህ ጨዋታዎች ‹‹አንድ ተራ ብቻ ልጨምር›› እያሰኙ ሌሊቱን የሚያነጉ ናቸው። ይሁን እንጂ ልጁ ባሕር ዳር ጌም ቤት ብቻውን በየሰዓቱ እየከፈለ ከሚቀመጥ፣ ታላቅ ባለበት ክፍል፣ በሰዓት ተወስኖ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት ይሻላል እንላለን። የሶላሩ ባትሪም ቢሆን ለክፋት አልተሠራም፤ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ አስቀድሞ ፍሪሲቭና ኦፕን ቲ ቲ ዲ በነፃ ይምጡ። ለሁለት ወር ያህል ይሞከሩ።

2ኛ/ ልጆቹ ከጸኑበት በሚቀጥለው ቅናሽ የሲቪላይዜሽን 4 የተሟላ እትም ብቻ ይገዛ። ዋጋው ካልወረደ ተከታዩ ቅናሽ ይጠበቅ።

3ኛ/ ሴቶች ልጆች እኩል ተራ ይኑራቸው። ወንዶቹ ከበው ሴቶቹ ከበር ላይ ቆመው የሚያዩ ከሆነ የማኅበሩ ገንዘብ ለግማሹ ልጅ ብቻ ወጣ ማለት ነው።

4ኛ/ በአዝመራ መሰብሰቢያና በፈተና ሰሞን ክፍሉ ለጥናት ብቻ ይከፈት።

5ኛ/ ከላፕቶፖቹ ጎን አንድ ገበጣና አንድ የሰንጠረዥ ሰሌዳ ይቀመጥ። የአገሩን ሰንጠረዥ አጨዋወት የሚያውቅ ሽማግሌ ከተገኘ ቀን ቆርጦ ወረራውን ያሳይልን። ተራ የሚጠብቅ ልጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ።

ውድ ነዋሪዎች፤ የምንነጋገርበት ገንዘብ ትንሽ ነው። ነገር ግን ትንሹ ገንዘብ ዓሣ ሸጠው፣ ጌሾ ሸጠው ያዋጡት ገንዘብ ነው። ከልጆቻችን ጋር ስለ ምርጫ ብንወያይበት፣ ‹‹ለምን ይህን? ለምን ያንን አይደለም?›› ብለን ብንጠይቃቸው፣ ጨዋታው ገና ሳይገዛ ስልት ተምረዋል ማለት ነው። ሃያውን ስም ይዘው የመጡት ልጆች አንዱን መርጠው፣ ምክንያቱንም በሰው ፊት ቆመው ቢያስረዱን እኛ ድምፃችንን እንሰጣቸዋለን። የተለየ አስተያየት ያለው ጽፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ወይም በስብሰባው ዕለት ተገኝቶ ይናገር።

የሰሌዳ ጽሑፍ አዘጋጆች